ግዘፍና ጥበብ፤ በተጋድሎ ስፖርት የክብደት ምድብ ከሙያ ጋር ስላለው ግንኙነት የተደረገ ዲስኩር



የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ የሰጡኝ አርእስተ ነገር በአንድ ጥያቄ የሚጠቃለል ነበር፤ ይኸውም በቡጢ፣ በትግልና በጁዶ ውድድር ተጋዳዮችን አስቀድሞ በሚዛን እየለዩ በየኪሎአቸው መመደብ ስለ ምን አስፈለገ፣ ሙያ በእውነት ሙያ ከሆነስ ስለ ምን ከሚዛን በላይ ሆኖ አይገኝም የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን የቆሙ ናቸው። አንደኛው ወገን የክብደት ምድብ የደካሞች መጠጊያ ነው፣ እውነተኛ ጥበበኛ ከማንም ጋር ቢገጥም ሊያሸንፍ ይገባዋል ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ገዝፎ የተፈጠረ ሰው ምንጊዜም ያሸንፋልና ጥበብ የምትሉት ነገር አካላቸው ያነሰውን ለማጽናናት የሚነገር ቃል ብቻ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ወገኖች የነገሩን እኩሌታ ብቻ እንደ ያዙ አምናለሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱንም ሳላቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ የተጋድሎ ጥበብ በጥቂቶች እጅ ብቻ ባለ ጊዜ ክብደት ይቀላል፤ ጥበቡ ተስፋፍቶ የሁሉ ገንዘብ በሆነ ጊዜ ግን ክብደት ይከብዳል። የክብደት ምድብም የተወለደው ጥበብ በጎለመሰበት ዘመንና ስፍራ ነው።

ነገሬን በአራት ክፍል አደርገዋለሁ። በመጀመሪያ ክብደት በተፈጥሮ ሕግ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ምድቡ እንዴት እንደ ተደነገገ፣ በሦስተኛው ቀላሉ ከባዱን ያሸነፈበትና የተሸነፈበት ምክንያት ምን እንደ ነበረ፣ በመጨረሻም ይህ መልካም ሥርዓት በምን እንደሚበደል እናገራለሁ። በሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የነገሩ ልብ ያለው በዚያ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። በመስክ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ትግል በገጠሙ ጊዜ ታላላቆቹ ዳኛ ሆነው እኩያን ከእኩያው ጋር ሲያጋጥሙ፣ አንዱ ገዘፍ ብሎ ሌላው ከሲታ ቢሆን ደግሞ ሌላ ተጋጣሚ ሲፈልጉ ያላየ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ያለ አይመስለኝም። እነዚያ ልጆች ሚዛንም መዝገብም የላቸውም፤ ነገር ግን ፍትሕ ያለ እኩልነት እንደማይቆም ኅሊናቸው ነግሯቸዋል። ኅሊናቸው የነገራቸውንም የተፈጥሮ ሕግ ያጸናዋል። ቡጢ የሚሰነዝር ሰው የሚመታው በክንዱ ብቻ አይደለም፤ ከእግሩ ጣት ተነሥቶ በወገቡና በትከሻው በኩል የሚያልፈው ግፊት ከኋላው ያለውን ግዘፈ አካል ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሁለት ሰዎች በእኩል ፍጥነት ቢሰነዝሩ ከበስተኋላው ብዙ ኪሎ ያለው ሰው ምት የበረታ ይሆናል። ምቱን በመቀበልም ረገድ እንዲሁ ነው፤ ሰው በዝረራ የሚወድቀው ራሱ በድንገት ሲዞርና አንጎሉ በውስጥ ሲናወጥ ነው፤ አንገቱ የወፈረና ራሱ የከበደ ሰው ግን በዚያው ምት ራሱ ያን ያህል አይዞርም። በትግልና በጁዶ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ ከላይ የተኛው ሰው ምንም ሳያደርግ እንኳ ክብደቱ ብቻውን ከታች ያለውን ትንፋሹን ያሳጥረዋልና።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ለትልቁ ብቻ አላደላችም። አካል በገዘፈ መጠን ጉልበት አብሮ ያድጋል፤ ግን እንደ ክብደቱ ያህል አያድግም። ለዚህ የክብደት ማንሣት ውድድር የታመነ ምስክር ነው። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ የቱርኩ ናይም ሱለይማኖግሉ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ በሁለቱ አነሣሥ በጠቅላላው 342.5 ኪሎ አነሣ፤ ይህ ከገዛ ክብደቱ ከአምስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የጆርጂያው ላሻ ታላካዜ በከባዱ ምድብ 488 ኪሎ አነሣ፤ ይህ ሰው በራሱ ከ170 ኪሎ በላይ የሚመዝን በመሆኑ ያነሣው ከገዛ ክብደቱ ሦስት እጥፍ አይሞላም። እንግዲህ ትንሹ በኪሎ ለኪሎ ሲተያይ እጅግ ብርቱ ነው፤ ትልቁ ግን በጠቅላላው ይበልጠዋል። በክብደት ማንሣት ሁለቱንም በየምድባቸው ማመስገን ይቻላል፤ በተጋድሎ ግን ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉና፣ ኪሎ ለኪሎ መብለጥ ብቻውን ማንንም ከመውደቅ አያድንም።

ሁለተኛው ክፍል ስለ ሥርዓቱ አጀማመር ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም። የጥንት ግሪኮች በኦሊምፒያ ሲወዳደሩ ልጆችን ከጎልማሶች ይለዩ ነበር እንጂ በክብደት አይለዩም ነበር። ዘመናዊው ኦሊምፒክ በ1896 በአቴና ሲከፈትም ትግሉ ምድብ አልነበረውም፤ ያሸነፈውም ካርል ሹማን የሚባል ቁመቱ አጭር የሆነ ጀርመናዊ የጂምናስቲክ ሰው ነበር፤ በመጀመሪያ ግጥሚያውም በዚያው ኦሊምፒክ በአንድ እጅ ክብደት በማንሣት የተሸለመውን ግዙፉን ብሪታንያዊ ላንስስተን ኤሊዮትን ጣለው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኤሊዮት ጉልበት ነበረው፣ ሹማን ግን ሰውነቱን ማዘዝ ያውቅ ነበር፤ ትግል ገና በብዙ አገር ሰዎች ዘንድ አንድ ወጥ ትምህርት ባልሆነበት በዚያ ዘመን የዕውቀት ልዩነት የክብደትን ልዩነት ሊሸፍነው ቻለ።

በቡጢም ታሪክ ይኸው ይታያል። በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ሰዎች ያለ ጓንት፣ ያለ ምድብ ሲገጥሙ፣ አብዛኞቹ እግራቸውን ተክለው በየተራ መማታትን ብቻ ያውቁ ነበር። በዚህ መካከል ዳንኤል ሜንዶዛ የሚባል 73 ኪሎ ያህል የሚመዝን የለንደን አይሁዳዊ ተነሣና፣ ወደ ጎን መራመድን፣ ምትን በክንድ መመለስን፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ማሳለፍን እየተጠበበ ከእርሱ የሚገዝፉትን ሰዎች አሸንፎ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ፤ በ1789ም ስለ ቡጢ ጥበብ መጽሐፍ ጻፈ። ነገር ግን በ1795 ከጆን ጃክሰን ጋር በገጠመ ጊዜ፣ ጃክሰን ሙያውን የተማረ፣ በክብደትም ወደ 19 ኪሎ ያህል የሚበልጠው ሰው ነበርና፣ ጠጉሩን ይዞ እየደበደበ አሸነፈው። ጠጉር መያዝ በዘመኑ ደንብ አልተከለከለም ነበር። ሜንዶዛ ያስተማረውን ጥበብ ሌሎች በተማሩት ጊዜ ትርፉ የክብደት ሆነ።

ከዚህ በኋላ በ1867 የኩዊንስቤሪ ደንብ ወጣ፤ ጓንትና የሦስት ደቂቃ ዙር ተደነገገ፤ በ1909ም በለንደን የነበረው ናሽናል ስፖርቲንግ ክለብ ስምንት የክብደት ምድቦችን አጸና። የምድቦቹን ወሰን ያየ ሰው ድንጋጌው በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን ይረዳል፤ ከታችኛው ምድብ ከ51 ኪሎ ገደማ ወደሚቀጥለው ለመውጣት ልዩነቱ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ልዩነቱ ወደ አራት፣ ወደ አምስት እያለ ሄዶ ከመካከለኛው ሚዛን ከ72.6 ኪሎ ወደ 79.4 ኪሎ ሲደርስ ሰባት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ሚዛን ወሰን የለውም። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ የአካሉ አንድ አሥረኛ ነው፤ 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። እነዚያ ደንብ አውጪዎች ለትንሹ ሰው ጠበብ ያለ ወሰን የሰጡት ልዩነት የሚመዘነው በኪሎው ብዛት ሳይሆን ከሰውዬው አካል ጋር ሲነጻጸር መሆኑን ከብዙ ዘመን ልምድ ስለ ተማሩ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል ደረስን፤ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። ቀላሉ ከባዱን የሚያሸንፈው መቼ ነው? ሁላችሁም የምታውቁትን የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ በአዲስ ዓይን እንድታነቡት እጠይቃለሁ። ቅዱስ መጽሐፍ የጎልያድን ጥሩር አምስት ሺህ ሰቅል፣ የጦሩንም ብረት ስድስት መቶ ሰቅል ብሎ መዝኖ ይነግረናል፤ እንግዲህ ሚዛን በታሪኩ ውስጥ በግልጽ አለ። ዳዊት ደግሞ የሳኦልን ጥሩር ለብሶ ከሞከረው በኋላ ስላልለመደው አወለቀው፤ ለብሶት ቢገጥም ኖሮ በጎልያድ ጥበብ ከጎልያድ ጋር መግጠሙ ነበር። እምነቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ እጁ የለመደው ወንጭፍን ነበር፤ ወንጭፍም ርቀትን የሚጠብቅ ጥበብ ነው፤ ክብደት ደግሞ ካልተያያዙ በቀር አይሠራም። ጎልያድ ያንን ጥበብ አላሰበውም፤ የራሱ ብርታት ሁሉ በቅርብ ለሚደረግ ተጋድሎ የተዘጋጀ ነበርና።

ይህንኑ በእኛ ዘመን በግልጥ ያሳየን ሮይስ ግሬሲ የሚባለው ብራዚላዊ ነው። በኅዳር 1993 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ያለ ክብደት ምድብ፣ ያለ ጓንት፣ ከልዩ ልዩ ሙያ የመጡ ሰዎች እንዲገጥሙ ውድድር ተዘጋጀ። ግሬሲ 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሲያዩት እምብዛም የማያስፈራ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ቤተ ሰቦቹ ከጃፓን ጁዶ ተምረው ያዳበሩትን በምድር ላይ ተኝቶ የመታገል ጥበብ ያውቅ ነበርና የገጠሙትን ሁሉ እየጣለ አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ከ110 ኪሎ በላይ ከሚመዝነው ትግለኛ ከዳን ሴቨርን ጋር ገጥሞ ሩብ ሰዓት ያህል ከሥሩ ተኝቶ ክብደቱን ተሸክሞ ከቆየ በኋላ፣ አንገቱን በእግሮቹ መካከል አስገብቶ አንቆ መሸነፉን አሳመነው። ይህን ያዩ ብዙዎች ክብደት ከእንግዲህ ዋጋ የለውም አሉ። ግን ምን ሆነ? በሚቀጥለው ዓመት ከሱ የሚከብደውና ያንኑ ጥበብ ያጠናው ኬን ሻምሮክ ሲገጥመው ከግማሽ ሰዓት በላይ ተያይዘው ቆይተው ያለ አሸናፊ ተለያዩ፤ በ1997ም ያ ውድድር ራሱ ተጋዳዮችን በክብደት መመደብ ጀመረ። ከመጀመሪያው ውድድር እስከዚያ አራት ዓመት አይሞላም። ግሬሲ ያሸነፈው ሌሎቹ የማያውቁትን ስላወቀ ነው፤ ድሉም ራሱ አስተማሪ ሆነና ሌሎቹ አወቁት። ጥበብ የሁሉ ገንዘብ በሆነ ጊዜ ክብደት ይከብዳል ያልኋችሁ ይህ ነው።

የጁዶም ታሪክ ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው እርሱ ይመስለኛል። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ኮዶካንን ሲመሠርቱ እርሳቸው ራሳቸው አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የጁዶም መሠረተ ነገር በትንሽ ጉልበት ብዙ መሥራት፣ የባላጋራን ግፊት በራሱ ላይ መመለስ ነበር። ስለዚህ ጃፓኖች ለብዙ ዘመን በጁዶ የክብደት ምድብ አያስፈልግም ብለው ያምኑ ነበር። በ1961 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ አንቶን ጊሲንክ የሚባል ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሆላንዳዊ አሸነፈ፤ በ1964ም ጁዶ በቶኪዮ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ ሦስት የክብደት ምድቦች፣ አራተኛም ለሁሉ የተከፈተ ምድብ ተደረገ። በዚያ በክፍቱ ምድብ ፍጻሜ፣ በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ፣ ጊሲንክ የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን ከምድር አጣብቆ ይዞ አሸነፈው። ጊሲንክ በጉልበቱ ብቻ ያሸነፈ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ጃፓን ድረስ እየሄደ በትሕትና የተማረ፣ ሙያውን እስከ ሥሩ ያወቀ ሰው ነበር። ጃፓኖች ጥበባቸውን ለዓለም በልግስና ሰጥተው ነበርና፣ ጥበቡን የተማረ ግዙፍ ሰው መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ ይህም የመምህራኑ ሽንፈት ሳይሆን የትምህርታቸው ፍሬ ነው።

እንዲህም ሆኖ በጃፓን በየዓመቱ ያለ ክብደት ምድብ የሚደረገው የመላው ጃፓን የጁዶ ሻምፒዮና አልተቋረጠም። በ1964 በመካከለኛው ምድብ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ኢሳኦ ኦካኖ 80 ኪሎ ገደማ ሆኖ ይህን ሻምፒዮና በ1967ና በ1969 ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በ1990 ደግሞ በ71 ኪሎ ምድብ የሚወዳደረው ቶሺሂኮ ኮጋ ከእርሱ የሚከብዱትን እየጣለ እስከ ፍጻሜው ደረሰ፤ በፍጻሜውም ከእርሱ ከ50 ኪሎ በላይ የሚከብደው ናኦያ ኦጋዋ ጣለው። ኮጋ በመሸነፉ የቀነሰበት ክብር የለም፤ ሰው በሙያው ብቻ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል በዚያ ቀን ተለክቷልና። የኦካኖና የኮጋ ሥራ እጅግ ያስደንቀኛል፤ የሚያስደንቀኝም ተጋጣሚዎቻቸው ሁሉ ጥበቡን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ተጋጣሚው ሙያውን ሲያውቅ ቀላሉ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ምን እንደሆነ የቡጢ ታሪክ በደንብ ያስተምረናል። በ1909 መካከለኛ ሚዛኑ ስታንሊ ኬቸል ከታላቁ ጥቁር አሜሪካዊ ከጃክ ጆንሰን ጋር ገጥሞ በ12ኛው ዙር ጆንሰንን መትቶ ከመሬት ጣለው፤ ጆንሰን ተነሥቶ ወዲያው በአንድ ጊዜ ዘረረው። በሰኔ 1941 ደግሞ ቢሊ ኮን ክብደቱ 80 ኪሎ ሳይሞላ፣ 90 ኪሎ ገደማ ከሚመዝነው ከጆ ሉዊስ ጋር ገጥሞ እስከ 12ኛው ዙር ድረስ በነጥብ ይመራ ነበር፤ በ13ኛው ዙር በዝረራ ሊያሸንፈው ፈልጎ ቀርቦ ቢማታ ራሱ ተዘረረ። በ1952 ሹገር ሬይ ሮቢንሰን፣ ብዙዎች ከቡጢኞች ሁሉ የላቀ የሚሉት፣ ሰባት ኪሎ ከሚበልጠው ከጆይ ማክሲም ጋር ሲገጥም 13 ዙር እየመራ ቆይቶ፣ ሙቀቱ ዳኛውን እንኳ እስኪያስቀይር ድረስ በበረታበት በዚያ ሌሊት ኃይሉ አልቆ ለ14ኛው ዙር ከመቀመጫው መነሣት አቃተው። በሦስቱም ላይ ያየነው አንድ ነው፤ ቀላሉ ሰው በሙያ መብለጥ ችሏል፤ ነገር ግን ከባዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀናው ይበቃዋል፣ ቀላሉ ግን በየቅጽበቱ ሳይሳሳት መቆየት አለበት፤ ዙሩ በረዘመ መጠንም ስሕተቱ እየቀረበ ይመጣል።

ይህን ዋጋ ከፍለው ያሸነፉም አሉ። በ1897 ቦብ ፊትስሲመንስ ወደ 76 ኪሎ ገደማ ሆኖ ጄምስ ኮርቤትን በ14ኛው ዙር ከጎድን አጥንቶቹ ሥር፣ ከሆዱ በላይ ባለው ስፍራ መትቶ ትንፋሽ አሳጥቶ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ አገጭን እያሳደደ ቢሆን ኖሮ የኮርቤት የራስ አሸሻሽ ያመልጠው ነበር። በዘመናችን ደግሞ የዩክሬኑ ኦሌክሳንድር ኡሲክ፣ ከ90 ኪሎ ገደማ ምድብ የተነሣ ሰው፣ በ2024 በሪያድ 101 ኪሎ ሆኖ 119 ኪሎ የሚመዝነውን ታይሰን ፊውሪን አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም ፊውሪ 127 ኪሎ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ አሸነፈው። በእግሮቹ አረማመድ፣ በግራ እጁ አቅጣጫ አሰጣጥና በሳንባው ብርታት ከባዱን ሰው በየዙሩ ያደክመው ነበር፤ በመጀመሪያውም ግጥሚያ በ9ኛው ዙር ሊዘርረው ደርሶ ነበር። ሆኖም ልብ በሉ፤ ኡሲክ ራሱ 100 ኪሎ ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ከተወሰነ ልክ በላይ የተጨመረ ኪሎ የሚሰጠው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፤ ቀላሉ የሚመታው ምት ከባዱን ለማናወጥ የሚበቃ ከሆነ ጥበብ ሥፍራ ታገኛለች።

ለዚህ እኛን ኢትዮጵያውያንን በልዩ የሚመለከት አንድ ምሳሌ አለኝ። በ1935 በሰኔ ወር፣ ሙሶሊኒ በአገራችን ላይ ሊዘምት ሠራዊቱን በሚያከማችበት ጊዜ፣ ጆ ሉዊስ በኒው ዮርክ ከኢጣሊያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ጥቁር አሜሪካውያን ያን ግጥሚያ እንደ ቡጢ ውድድር ብቻ አላዩትም፤ ሉዊስን የኢትዮጵያ፣ ካርኔራን የፋሺስት ኢጣሊያ ምሳሌ አድርገው በጸሎትና በጭንቀት ይጠብቁት ነበር፤ ሁከት እንዳይነሣም ብዙ የፖሊስ ኃይል ተሰልፎ ነበር። ካርኔራ 118 ኪሎ ሲመዝን ሉዊስ 89 ኪሎ ነበር፤ ልዩነቱ 29 ኪሎ ነው። ሉዊስ ሳይቸኩል አስቀድሞ ሆዱንና አፉን እየመታ ክንዶቹን ካወረደው በኋላ በ6ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ከመሬት ጣለው፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመ። ካርኔራ ግን ምንም የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረውን፣ በመከላከል ጥበቡ የታወቀውን ቶሚ ሎውራንን በ39 ኪሎ በልጦ በነጥብ አሸንፎት ነበር። ሎውራን ጥበብ ነበረው፤ ካርኔራን የሚያቆም ምት ግን አልነበረውም። ሉዊስ ሁለቱም ነበሩት። ከዚህ የተነሣ እንዲህ እላለሁ፤ ክብደትና ጥበብ እንደ ሁለት ከረጢት ገንዘብ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደመሩ አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በዚያው ዓመት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሙሶሊኒ የተዘጋጀበት ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን የክብደት ምድብ አልነበረም።

ወደ አራተኛው ክፍል ልለፍ። የክብደት ምድብ የሠራው ትልቁ ሥራ ትንሽ አካል ያላቸውን ሰዎች ጥበብ ለዓለም ማሳየቱ ነው። ሄንሪ አርምስትሮንግ ከ1937 ጥቅምት እስከ 1938 ነሐሴ ባለው ጊዜ በ57፣ በ67ና በ61 ኪሎ ምድቦች ተራ በተራ ሻምፒዮን ሆኖ ሦስቱንም ማዕርግ በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ምድብ ባይኖር ኖሮ ይህ ሰው በከባድ ሚዛኖች ጥላ ሥር ተሰውሮ በቀረ ነበር። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች ቡጢ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባም በሦስት ምድብ ተከፍሎ ነበር፤ የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደችው ኒኮላ አዳምስ የተወዳደረችው በ51 ኪሎ ነው። በ2024 በፓሪስ የሴቶቹ ምድብ ወደ ስድስት ከፍ ብሏል። በመካከላችሁ ያላችሁ ወጣት ሴቶች ይህን እንድታስተውሉት እወዳለሁ።

ሥርዓቱ ግን ይበደላል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። በሙያተኞች ቡጢ ስምንቱ ምድብ ዛሬ ከ17 በላይ ሆኗል፤ ዋና ዋናዎቹ ማዕርግ ሰጪ ድርጅቶችም አራት ናቸው፤ ምድብ በበዛ ቁጥር የሚሸጠው ቀበቶ ይበዛል፣ ሻምፒዮን የሚለውም ስም ይረክሳል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ተጋዳዮች ከተፈጥሮ ክብደታቸው በታች ለመግባት ሲሉ በላብ፣ በጾምና በውኃ ክልከላ ሰውነታቸውን ማድረቃቸው ነው። ሚዛኑ ብዙ ጊዜ በዋዜማው ስለሚደረግ፣ ሰውዬው ከሚዛን ወርዶ ውኃውን መልሶ ጠጥቶ ከአምስት ኪሎ በላይ ጨምሮ በማግሥቱ ይገጥማል፤ ተጋጣሚውም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ተሠቃይተው ማንም በማንም ላይ አላተረፈም። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት ወጣት የዩኒቨርሲቲ ትግለኞች ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ በሙቅ ክፍል የላስቲክ ልብስ ለብሰው ሲሠሩ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ኃላፊዎች የላስቲክ ልብስንና ሙቅ ክፍልን ከለከሉ፣ ሚዛኑንም ወደ ግጥሚያው ሰዓት አቀረቡት። ውኃ ያጣ አንጎል ምትን ለመቻል አቅሙ ይቀንሳል፤ እንግዲህ ሰው እንዳይጎዳ የተሠራው ሚዛን ራሱ የጉዳት ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ ለእናንተ ለአሠልጣኞቹ የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። ልጁን በሚያሸንፍበት ምድብ ሳይሆን ጤናው በሚቆምበት ምድብ አወዳድሩት፤ ገና አጥንቱ ያልጠነከረ ልጅ ኪሎ እንዲቀንስ ከቶ አትዘዙት፤ በምታዘጋጁትም ውድድር ሚዛኑን በግጥሚያው ቀን ማለዳ አድርጉት። ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ልምምድ ነው፤ በትግልና በጁዶ፣ ራስን የሚያናውጥ ምት በሌለበት፣ ቀላሉን ከከባዱ ጋር አሠልጥኑት፤ ቀላሉ ከከባዱ ጋር ሲሠራ ስሕተቱን ክብደቱ አይሸፍንለትምና ቶሎ ይማራል፤ ከባዱም በክብደቱ ብቻ መጫንን ትቶ ያወቀውን እንዲሠራ ንገሩት። ጃፓኖች እንደሚያደርጉት በዓመት አንድ ቀን ያለ ምድብ የሚደረግ የትግል ውድድር በከተማችን ብትጀምሩ ደግሞ እኔ ከተመልካቾቹ መካከል ፊት ረድፍ ላይ እንደምገኝ ቃል እገባለሁ።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ አስቀድመው ግን ወጣቶቹ ተጋዳዮች ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።